ቦምቡን ይዞ ለተመለሰው አባቴ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሞላ። እኛ ደህና ነን። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ቤተ ክርስቲያን መሳለሟን ግን አልተወችም። የቤቱን ቆርቆሮ ቀይረናል። ገብሱም ዘንድሮ ደህና ይዟል።

የምጽፍልህ ሳትነግረኝ የሄድከውን ነገር ስለ ሰማሁ ነው።

እኔ የማውቀው ይህን ነበር። የመንደራችን የብልባላ ቄስ ልጅ ነህ። ዳዊት ከደገምክ በኋላ ደሴ ሄደህ ተማርክ፤ ከዚያም አየር ኃይል ገባህ። አያቴ «ልጄን ሰማይ ወሰደብኝ» ይሉ ነበር አሉ። በተዋጊ ጀት በምሥራቁ ጦርነት ተዋግተህ ሜዳይ ተሸለምክ። በኋላ ወደ ሰሜን ተላክህ፤ እዚያ ሳለህ ከበረራ ታግደህ ታሰርክ። ምክንያቱን አልነገርከንም። ሠራዊቱ ሲበተን ብልባላ ተመልሰህ ሒሳብ ታስተምር ጀመር።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ወንድማቸው በአውሮፕላን ድብደባ ስለ ሞተባቸው ሰላም ብለውህ አያውቁም። አንተም መንገድ ትለቅላቸው ነበር። አንድ ቀን «እኔ አይደለሁም ለምን አትላቸውም?» ብልህ፣ «ከላይ የሚጥል ሰው ማንን እንደ መታ ያውቃል ብለሽ ነው?» አልከኝ።

በአርባህ ቀን ከደብረ ዘይት አንድ ሽማግሌ መጡ። የአውሮፕላንህ መካኒክ ነበሩ። ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አሉ፦

«አንድ ቅዳሜ ከተማ እንዲመታ ታዘዘ። ቦምቦቹን እንደ ያዘ ተመልሶ አረፈ። ለአዛዡ ‹አልለቅ አሉኝ› አለ። እኔ አውሮፕላኑን ባየው ምንም ብልሽት የለም። ‹ገበያ ነው፤ የሰዉ ነጠላ ሜዳውን አንጥቶታል› አለኝ በጆሮዬ። ብልሽት እንዲመስል የቦምብ መልቀቂያውን ሽቦ የነቀልኩት እኔ ነኝ። አዛዡ አላመነም፤ አሰሩት። ስንት ቀን ሲመረምሩት ስሜን አላነሣም።»

እትዬ ዘነቡ ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ። በማግሥቱ እናቴ ዘንድ መጥተው፣ «ያን ሁሉ ዘመን ሰላምታ ስነሳው አንድ ቀን እንኳ አልተቀየመኝም» ብለው አለቀሱ።

እኔ ግን ተቆጥቼብህ ነበር። ሽማግሌውን ስሸኛቸው፣ ይህን የመሰለ ነገር ለምን ደበቀን ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ በሌሎቹም ቀኖች በሯል። እነሱን ትቶ ይህን ብቻ እንዴት ያውራ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቁጣዬ በረደ።

ልጄ ስለ አያቷ ስትጠይቀኝ ያንን ቅዳሜ ብቻ መርጬ አልነግራትም። የጣልክባቸው ቀኖችም እንደ ነበሩ፣ ስንት እንደ ሆኑም እንደማላውቅ እነግራታለሁ። አባዬ፣ እስካለሁ ድረስ አስታውስሃለሁ፤ የምኮራበትንም የምፈራውንም ሳልለይ።

ልጅህ ትርንጎ