በበረዶ ላይ የቆመው በረኛዬ

ለልጄ ለኤዲናልዶ፣

የናዝሬቷ እመቤታችን ከብርዱም ከክፉ ሰውም ትሰውርህ። እኛ ደህና ነን። ወንዙ ሞልቶ ደጃችን ድረስ መጥቷል።

እሁድ ጨዋታህን ከጎረቤታችን ከዶና ዶራሊሴ ጋር እሷ ቤት በቴሌቪዥን አየን። ከአገር አገር ስትዞር "ሻንጣው" እያለች የምታሾፍብህ እሷው ናት። ካዛክስታን ያ ሁሉ በረዶ! ጉልበትህን ሸፍነህ ነበር? በመጨረሻ ፔናሊቲ ተሰጠባችሁ። ከገባ ቡድንህ ከሊጉ ይወርዳል ሲሉ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ያዘው! ዙልሚራ፣ ልጅሽ ያዘው!" ብላ ዶራሊሴ ስትጮህ ዓይኔን ገለጥኩ። ቋንቋህን የማያውቅ ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ ስምህን ይጠራል። እኔ ያወጣሁልህን ስም!

"ጀልባዬን ትቶ ኳስ ተከትሎ ሄደ" ብሎ ተቀይሞ አንድም ጨዋታህን አይቶ የማያውቀው አባትህ፣ ለካ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። ባርኔጣውን አውልቆ፣ "ይሄ የኛ ልጅ ነው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ታዲያ የማን ሊሆን ነው?" አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ወደቡ ላይ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ ስለ አንተ ያወራል። ላንተ ለመንገር ግን ያፍራል።

እጆችህን እመቤታችን ትባርክልኝ። እባክህ ልጄ፣ ስትደውል እኔን ተወኝና "አባቴን አቅርቢልኝ" በል።

እናትህ ዙልሚራ