የእድራችን ጥሩምባ ዘፈን ውስጥ ስለ መግባቱ

ለተከበሩ አቶ ወንድይራድ ኃይለኢየሱስ
የዳገት ሥር መረዳጃ እድር ዳኛ
ሲ.ኤም.ሲ፣ ባሉበት

ክቡር ዳኛችን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ አዲሱ ቪላዎና ሁለቱም ስልኮችዎ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኛ ከእንጦጦ ሥር የቀረነው ብርዱም ዳገቱም እንደ ድሮው ነው፤ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ወደ ሲ.ኤም.ሲ ከተዛወሩ አራት ዓመት ቢሞላዎም እድራችንን ከዚያው ሆነው መምራትዎን ስላላቋረጡ፣ ርቀት ያልበገረው ዳኛ የሰጠንን አምላክ ዘወትር እናመሰግናለን። ምናልባት ረስተውኝ እንደሆነ፣ ዋቅቶላ ገመዳ እባላለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ባረፈ ቁጥር በማለዳ ጥሩምባ እየነፋሁ እድርተኛውን ከቤቱ የማስወጣው ሰውዬ ነኝ። ደብዳቤዬን በአደባባይ የምጽፈው ሦስት ጊዜ በታሸገ ፖስታ ጽፌልዎ መልስ ስላላገኘሁ፣ ፖስታ መክፈቱ አድካሚ ሆኖብዎት ይሆናል ብዬ በማሰብ ነው። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለኪነ ጥበብ ስላለዎት ፍቅር አመሰግናለሁ። ባለፈው ነሐሴ ወር፣ ሁለት የሰፈራችን ልጆች፣ ራፕ የሚሠራው ነአምንና የጭፈራ ሙዚቃ በኮምፒውተር የሚያቀናብረው ጁነይድ፣ ጉርድ ሾላ ሱቅዎ ድረስ መጥተው የእድሩን ጥሩምባ ለአልበማቸው እንዲቀዱ ፈቃድ ሲጠይቁዎት፣ ኮሚቴ ሳይሰበስቡ፣ እኔንም ሳያማክሩ፣ ለደንበኛ ቆርቆሮ እያስጫኑ ባሉበት ቆመው ፈቅደውላቸዋል። ሰው ሳይሞት ጥሩምባ መንፋት ሟርት ነው ብዬ ብከራከር፣ ዋቅቶላ ዘመኑ አልገባውም ማለትዎን ሰማሁ። እውነትዎን ነው። እኔም ሰፈሩ እንዳይደነግጥ ልጆቹን ይዤ ወደ ራጉኤል በሚያወጣው መንገድ ሄድኩና ባሕር ዛፉ መሀል ገብቼ ነፋሁ። ያም ሆኖ ቅጠል ትጠርግ የነበረች አንዲት ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ እየሮጠች መጥታ ማን እንደ ሞተ ጠየቀችኝ። ማንም አልሞተም፣ አልበም ነው አልኳት። ነጠላዋን መልሳ እያስተካከለች ረግማኝ ሄደች፤ ፈቃጁ እርስዎ መሆንዎን አልነገርኳትም።

ሁለተኛ፣ አልበሙ ክረምቱ እንዳለፈ በጥቅምት መጀመሪያ ስለወጣልን አመሰግናለሁ። ስሙ «ጃኬት አውልቁ» ይባላል። ሳልሰማ እንዳልፈርድ አሥራ አንዱንም ዘፈን አዳምጫለሁ። በዘጠኙ ፀሐይ ትወጣለች፣ በስድስቱ ባሕር ዳር ይኬዳል፣ በአራቱ በረዶ የተጨመረበት ነገር ይጠጣል። በእንጦጦ ብርድ ሁለት ሹራብ ደርቦ ያደገ ልጅ ያን ሁሉ ሙቀት ከየት እንዳመጣው እስካሁን ይገርመኛል። ሐቁን ለመናገር ግን የልጆቹ ሥራ ያምራል፤ በተለይ ሰባተኛውን ልብስ ሳሰጣ እያፏጨሁት ራሴን ይዣለሁ። የእኔ ጣጣ ሁለተኛው ነው። እሱ «ውጡ» የሚል ሲሆን፣ ጥሩምባዬ ሦስት ጊዜ ይነፋና ነአምን ውጡ፣ ውጡ፣ ብርዱ አለቀ ይላል፤ ከዚያ የጁነይድ ከበሮ ይገባል፣ ሰውም ይጨፍራል።

ዘፈኑ ተወደደ። ሚኒባሱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ጭማቂ ቤቱ፣ ሁሉም እሱን ይከፍት ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ወርቄ ጥቁር ሻሿን አስራ፣ ደረቷን እየመታች አንድ ታክሲ ተከትላ ሁለት ፌርማታ ሄዳለች። ባለሱቁ አቶ ሬድዋን ደግሞ ሱቃቸውን ዘግተው፣ በደንባችን መሠረት የእድሩን አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ድምፁ ወደሚሰማበት ግቢ ሲገቡ የልደት ግብዣ ሆኖ አገኙት፤ ኬክ ሰጥተዋቸው ወንበሩንም ተቀበሏቸው። በሁለተኛው ሳምንት የሚወጣው ሰው ቀነሰ፤ በሦስተኛው ጭራሽ ቀረ። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

ሦስተኛውን ምስጋና ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጬ ተነሥቻለሁ። ወይዘሮ ጥሩብርሃንን ይመለከታል። ምናልባት ካላስታወሷት፣ የእድራችንን ድስትና ሰሃን ሃያ ሁለት ዓመት ስታጥብና ስትጠብቅ የኖረች፣ ባል፣ ልጅ፣ ዘመድ የሌላት ሴት ናት። እናትዎ ባረፉ ጊዜ ሦስቱን ቀን ሳትቀመጥ ለቀስተኛዎን ያስተናገደችው እሷ ነበረች። ኅዳር አጋማሽ፣ እሑድ ሊነጋጋ ሲል አረፈች። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጥሩምባዬን ይዤ ወጣሁና ከላይኛው መንገድ እስከ ታችኛው ድልድይ እየነፋሁ፣ ስሟን እየጠራሁ፣ ቀብሯ ስድስት ሰዓት መሆኑን እየተናገርኩ ወረድኩ። አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ ድምፁን ቀንሱት፣ እሑድ እኮ ነው አለኝ። ሌላው ከአልጋው ሳይነሣ ውጡ፣ ውጡ እያለ አብሮኝ ዘፈነ። አንዲት ኮረዳ በረንዳዋ ላይ ወጥታ ትከሻዋን እየነቀነቀች ጨፈረችልኝ። የሟቿን ስም ስጠራ እንኳ አዲስ ግጥም የተጨመረ መስሏቸው ነበር።

ሣጥኑ ሲነሣ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። ሁለቱ ካህናት ናቸው። ሁለቱ መንገድ ዳር ድንጋይ ሲያነጥፉ የነበሩ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ሣጥኑ አዘንብሎ ሲያዩ መዶሻቸውን ጥለው ገቡበት እንጂ እሷንም እድሩንም አያውቁም። ወይዘሮ ወርቄና አቶ ሬድዋን በግድግዳ የሚዋሰኗት ጎረቤቶች ስለሆኑ መጡ። እኔ አለሁ። የቀሩት ሁለቱ ነአምንና ጁነይድ ናቸው። ጁነይድን እንዴት አወቅህ ብዬ ብጠይቀው፣ ዘፈኑ ውስጥ ያለው ጥሩምባ ትንፋሽዎ ተቆርጦ የወጣለት ነው፣ የዛሬው ግን ትንፋሽ አለበት፣ ሽማግሌ ዳገት ላይ ሲደክም ይሰማል፣ ስለዚህ የእውነት ሰው ሞቷል ብዬ ነአምንን ቀሰቀስኩት አለኝ። ከሁለት መቶ አሥራ አራት እድርተኛ መካከል ጥሩምባዬን ለይቶ ያወቀው ዘፈን ያደረገብኝ ልጅ መሆኑን ሳስብ አዘንኩም ኮራሁም።

በዚያው ሰዓት እርስዎና ኮሚቴው ለአልበሙ ዝግጅት አዳራሽ ውስጥ እንደነበራችሁ በኋላ ተረዳሁ። እድራችን ለአልበሙ ላደረገው አስተዋፅኦ የምስጋና የምስክር ወረቀት እየተቀበላችሁ ነበር። ባለ አልበሞቹ በሰዓቱ ባለመድረሳቸው ቅር እንዳለዎትና የእነሱንም ድርሻ እርስዎ እንደተቀበሉላቸው ሰምቻለሁ። ልጆቹ የቀሩት ሬሳ ተሸክመው ስለነበር ነውና እንደ አባት ይቅር እንዲሏቸው እማጠናለሁ።

የእድራችን ደንብ ከቀብር በኋላ ስም ይጠራ ይላል። ጸሐፊው ከእናንተ ጋር አዳራሽ ስለነበር መዝገቡን እኔ ገለጥኩ። እነዚያን ሁለት መቶ አሥራ አራት ስሞች አንድ በአንድ፣ መቃብሩ ራስጌ ቆሜ ጠራሁ። ካህናቱ ደክሟቸው ተቀመጡ። የቀን ሠራተኞቹ ግን ጥሪው ጸሎት መስሏቸው ኮፍያቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው ቆሙ። «ጠ» ላይ ስደርስ ሳላስተውል የሟቿንም ስም ጠራሁ። አቤት አላለችም። ከሁለቱ ጎረቤቶቿ በቀር ሌሎቹም አላሉም፤ ስለዚህ የሞተውንና የቀረውን መዝገቡ ላይ በምን እንደምለይ ግራ ገባኝ። እዚያ ላይ አለቀስኩ። በሠላሳ አንድ ዓመት ቀብር ላይ አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ ሥራ ላይ ነኝና።

አራተኛ፣ በሳምንቱ ኮሚቴው ተሰብስቦ ጥሩምባው አመኔታ ስላጣ ከእንግዲህ ሞት በቴሌግራም እንዲነገር፣ እኔም በክብር እንድሰናበት በመወሰኑ አመሰግናለሁ። አመኔታውን ማን እንዳሳጣው ቃለ ጉባኤው ባለመጥቀሱ ጨዋነቱን አደንቃለሁ። ልጄ ጂቱ ግሩፑን በስልኳ አሳይታኛለች። ጽጌረዳ ያለበት እንደምን አደራችሁ በየማለዳው ይደርሳል። የአንድ አባላችን ሞት በተነገረ ጊዜም እርስዎ ወዲያው አውራ ጣትዎን ወደ ላይ አሳይተዋል። ስልክ የሌላቸው አሮጊቶች ይህን የማየት ዕድል ስላላገኙ አዝናለሁ።

ክቡር ዳኛችን፣ ሥራዬ ይመለስልኝ አልልም፤ ስልሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል፣ ዳገቱም ከብዶኛል። ዘፈኑም ይታገድ አልልም፤ ልጆቹ ማንም ሳያዝዛቸው ጥሩምባውን ከውስጡ አውጥተውታል፣ ሰሚ ቀነሰብን ብለውም አላማረሩም። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። የፊታችን ሐሙስ የጥሩብርሃን አርባዋ ነው። ያቺ ሴት ለሰው ሁሉ ቆማ ሰው ሳይቆምላት መሄዷ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ስለዚህ ከሲ.ኤም.ሲ ይምጡና ከላይኛው መንገድ እስከ ታችኛው ድልድይ በእግርዎ ወርደው፣ በየበሩ ቆመው ስሟን ይንገሩላት። ካልተመቸዎት አይጨነቁ፣ እኔ እሄዳለሁ፤ በር ማንኳኳት እስካሁን ዘፈን አልወጣለትም።

ለክብርዎ ያለኝ አክብሮት ከሲ.ኤም.ሲ እስከ ዳገታችን ካለው ርቀት እንደማያንስ በማረጋገጥ፣ እጅ እየነሣሁ እሰናበታለሁ።

ዋቅቶላ ገመዳ
የዳገት ሥር መረዳጃ እድር የቀድሞ ጥሩምባ ነፊ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት ጥሩምባውን ላስረክብ ቢሮ ስገባ መዝገቡን አየሁት። በስምዎ ትይዩ «ቀሪ» ብዬ የጻፍኩት ተፍቆ፣ በቀይ ቀለም «በስልክ ተገኝተዋል» ተብሏል። የተጻፈውን አልጠራጠርም። ብቻ መዝገቡ የተሟላ እንዲሆን፣ ሣጥኑን በየትኛው በኩል ይዘው እንደነበር ቢገልጹልኝ።