ጳጉሜን እምቢ ያለው ዳታቤዝ

ሰኞ፣ የካቲት 6 ቀን 2009 ዓ.ም. ጠዋት 3 ሰዓት

አሁንም እየጫነ ነው። ቁጭ ብዬ አያለሁ። የደባርቅ ወረዳ ገበሬ የመሬት መዝገብ በሙሉ ወደ ዳታቤዝ እየገባ ነው፣ መስመር በመስመር። አንዷን ያስገባል፣ ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ ገባች ይላል፣ ሌላዋን ያነሳል። ከጨነቅ ተራራ እስከ ደባርቅ በበቅሎ አንድ አንድ እፍኝ ገብስ ማመላለስ በለው። ፕሮግራሙን የጻፈው የጎንደሩ ባለሙያ ነው። እንዳትነኪው ብሎኛል።

ከሰዓት። መብራት ሄደ። እንዳለፈው ሳምንት ግማሽ ላይ ቀረ።

ማክሰኞ፣ 7

ኃላፊያችን አቶ ደረጀ ጠሩኝ። እስከ አርብ ካልገባ ሥራው ከነኮምፒውተሩ ጎንደር ይሄዳል። ገበሬው ለአንዲት ወረቀት ጎንደር ድረስ ሊመላለስ ነው። የኔም ኮንትራት ያበቃል። ልንካው አልኳቸው። የት ተማርሽ አሉኝ፣ ለስንተኛ ጊዜ። ዳባት ፎቶኮፒ ቤት፣ በራሴ። ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ፈቃድ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ረቡዕ፣ 8

ስማኝ ደብተሬ፣ አንተ እንኳ አታቋርጠኝም። መዝገቡ የተተየበው ገበሬው በመጣበት ተራ ነው። አንዱ ከድብ ባሕር፣ ተከታዩ ከሌላ ጥግ። ዳታቤዙ ግን የሚያስቀምጠው በቀበሌና በማሳ ቁጥር ተራ። ለእያንዳንዷ መስመር ቦታ ፍለጋ ዲስኩን ያምሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ውጭ ደረደርኩት። በስም መፈለጊያውን ኢንዴክስ ለጊዜው አስወገድኩ፤ ከተጫነ በኋላ አንዴ ይሠራል። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ጭነት።

5 ሰዓት። ወደቀ። አንዲትም መስመር አልገባችም። ቀኑ ልክ አይደለም ይላል። ወር 13።

ሐሙስ፣ 9

ጳጉሜ። ምዝገባው ዘመን ሳይለወጥ ይለቅ ተብሎ ጳጉሜን ሙሉ ተሠርቷል። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን አሥራ ሁለት ወር ነው። የካቲት 30ንም አያውቅም። እኔም ባለሙያውም አበሻ ነን፣ ትዝ ያለው የለም።

ከዚያ ደነገጥኩ። የሱ ፕሮግራም ታዲያ ጳጉሜን እንዴት አለፈው? ከፍቼ አየሁ። እምቢ ያለውን ዝም ብሎ ይዘላል። በጳጉሜ የተመዘገበ ሁሉ መሬት የለውም ማለት ነው። ደውዬ ነገርኩት። ጥቂት ነው አለ። ጥቂቱ የማን መሬት ነው አልኩት። ዘጋው። ይዝጋ። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን በየራሳቸው ቁጥር አድርጌ ለያየኋቸው፣ ማሽኑ 13ን እምቢ እንዳይል።

አርብ፣ 10። ጠዋት 2፡30

ገባ። ሁሉም። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ። ኢንዴክሱም ተሠራ። ብዛቱን ከወረቀቱ ጋር አመሳከርኩ፣ አንድም የጎደለ የለም።

አቶ ደረጀ ከኋላዬ ቆመው ያባታቸውን ስም አስፈለጉኝ። ወዲያው ወጣ። የተመዘገቡት ጳጉሜ 3። ጎንበስ ብለው ያዩታል። «አንቺ ልጅ፣ ያ ፕሮግራም ያባቴን ማሳ ሊበላው ነበር እኮ» አሉ። ነገ ገበሬው ይምጣ ብለው ወጡ። ኮምፒውተሩ የትም አይሄድም። እኔም።

ከሰዓት። የጎንደሩ ደወለ። ዛሬ «እህቴ» ይለኛል። አጫጫንሽን ላኪልኝ፣ እዚህ ነይ፣ ሥራ አለ ይላል። ወስኛለሁ። ስሜን ከፕሮግራሙ አናት ላይ ጽፌ እልክለታለሁ። አልሄድም። የጎረቤት ወረዳውን የዳባትን መዝገብም ወደዚህ ይላኩት፣ የምጭነው እኔ ነኝ።