ሁለት ጸሎት ቤት ያልቀበረው ልጄ

ሃድልኮት፣ ከአጨዳ በኋላ

ለታናሽ እህቴ፤

ሳልሽ እንዴት ሆነልሽ? ከመንገዱ ማዶ ስትስዪ ይሰማኛል። ባሎቻችን ከተጣሉ ወዲህ ደህና ዋልሽ መባባል ስለተከለከልን ነው የምጽፍልሽ። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ታገሺኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ቆሜ እሄዳለሁ።

የልጄ የሩበን መርዶ የደረሰኝ ሰኞ፣ ልብስ ሳጥብ ነው። ጋሪ ነጂው ኤሞስ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። ኤሞስ ለቄስ እንኳ ኮፍያ አያወልቅም። «ልጅሽ ከአዲሱ ጸሎት ቤት ጣሪያ ወደቀ» አለኝ። የጨመቅኩትን አንሶላ መልሼ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ባልሽ ሳይላስ ያን በወናፍ የሚነፋ ኦርጋን ለጸሎት ቤታችን ገዝቶ ባያመጣ ኖሮ እላለሁ። ደግሞ ባሌ ኤፍሬም «እግዚአብሔር በወናፍ አይመሰገንም» ብሎ ኦርጋኑን ዝናብ ላይ ባያወጣው። ሳይላስ ግማሹን ሰው ይዞ ወጣና ፊት ለፊታችን ሌላ ጸሎት ቤት ጀመረ። ኤፍሬምም «እዚያ አንድ ሚስማር የመታ የእኛ አይደለም» ብሎ ከመድረክ አወገዘ። ልጄ መዶሻውን ይዞ ሄደ። «እማዬ፣ ጣሪያው ሲያልቅ አንቺና አክስቴ አንድ አግዳሚ ላይ ትቀመጣላችሁ» ብሎኝ ነበር። ሳቅኩበት።

እንደምታውቂው በሁለታችንም ዘንድ ሕፃን አይጠመቅም። ሩበን በእናንተ በኩል ሊጠመቅ ወንዝ የሚወርደው በዚያው ሳምንት እሑድ ነበር። ኤፍሬም «ከእነሱ ጣሪያ ነው የወደቀው፤ እነሱ ይቅበሩት» አለ። ደጃችሁ መጣሁ። ሳይላስ «ከጣሪያችን ወደቀ እንጂ አባላችን አልነበረም። ሳምንት ቢቆይ የእኛ ነበር» አለኝ። አንቺ ከኋላው ድንች ትልጪ ነበር። ቢላዋሽ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ።

ኤሞስ ሬሳውን ጭኖ በሁለቱ ጸሎት ቤቶች በሮች መካከል ቆመ። «እናንተ ሰዎች፣ ፋንድያ እንኳ የሚያራግፈው አያጣም። ፈረሴ ደክሞታል፤ የማን ነው በሉኝ» አለ። 

ከሁለታችንም ወገን ያልሆነው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነው በመጨረሻ ቦታ የሰጠን። «ያልተጠመቀ ስለሆነ በሰሜን በኩል፣ ሳማው ያለበት ይግባ። ደወልም የጸሎት ቃልም የለም» አለ። ኤሞስና እኔ አወረድነው። አፈሩን በአካፋ ስንመልስ ኤፍሬም ቤት ቁጭ ብሎ የእሑዱን ስብከት ያጠና ነበር። በማግሥቱ ከእናንተ በኩል መዶሻ ሰማሁ። ልጄ የጀመረውን የጣሪያ ክዳን ሌላ ሰው ጨረሰው።

ኤፍሬምና ሳይላስ አሁንም የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ። ለሞተ ሰው አይጸለይም ይላሉ፤ የተፈረደው ተፈርዷል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ አሜን ስል ኖሬያለሁ። አሁን ግን ሊጥ ሳቦካ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አገኘዋለሁ። እሑድ ኤፍሬም ጸሎት ቤት እንድሄድ ባርኔጣዬን አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። እዚያው ትቼው ተቀመጥኩ።

ደረትሽን ይፈውስልሽ። ልጆችሽን ከፍ ካለ ቦታ ይጠብቅልሽ። ሳይላስ እንዳይሰማሽ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊና ስለ ሩበን ጸልዪ። ይህን ወረቀት ሌላ ሰው ቢያገኘውም፣ የየትኛውም ጸሎት ቤት ሰው ይሁን፣ ይጸልይለት።

እህትሽ