ግራጫ ስለተቀባው የቦይለር ክፍል ግድግዳ

ለክቡር አቶ ዴዝሞንድ ሃልቨርሰን
የካርዳይን ከተማ የሙያ ሥልጠና ቦርድ ሰብሳቢ
ማርች 8 ቀን 2025

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በሊንደን ኮርት አፓርታማ ምድር ቤት የሚገኘው የቦይለር ክፍል አንዱ ግድግዳ ግራጫ ቀለም ተቀባ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም የምትጠጡት ውሃ ንጹሕ እንዲሆንላችሁ። ይህን ለወጉ ያህል ያልሁ እንዳይመስልዎ። በሊንደን ኮርት የምንኖር አሥራ ስምንት ቤተሰቦች ከጃንዋሪ 21 ወዲህ የምንመራረቀው እንዲህ እያልን ነው።

በዚያ ቀን ቦርድዎ የሦስተኛ ዓመት የቧንቧ ሥራ ሰልጣኝ የሆነችውን ታምሲን ኦሌስኪውን «የሥራ ቦታ ተግባቦት» የተባለውን ፈተና በሕንፃችን ምድር ቤት ፈተናት። ፈታኙ አቶ ላይል ብራንድቮልድ ከመቶ አርባ አንድ ሰጧት። ማለፊያው ሰባ ነው። ውጤቱ ካልተሻረ ከሥልጠናው ትሰናበታለች፣ የሦስት ዓመት ድካሟንም ውሃ በላው ማለት ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ከቦይለሩ ክፍል አጠገብ ልብስ እያጠብሁ ነበር፤ በሩም ክፍት ነበር። ስለዚህ ምስጋናዬን በዝርዝር ለማቅረብ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. ስለ ሥልጠና መጽሐፋችሁ አመሰግናለሁ። መጽሐፉ ሰልጣኝ በደንበኛ ፊት «አደጋ» የሚለውን ቃል እንዳይናገር፣ በምትኩ «ትኩረት የሚሻ ጉዳይ» እንዲል ያዛል። አቶ ብራንድቮልድ ለፈተናው ዝግጅት ብለው ጠዋት ከፍተውት የነበረው ቫልቭ ሕንፃውን የሚያሞቀውን ቦይለር በውሃ የሚሞላው ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ደግሞ አረንጓዴ የዝገት መከላከያ ኬሚካል የተቀላቀለበት የቦይለር ውሃ ወደ መጠጥ ውሃችን እንዳይመለስ የሚከለክል ሌላ ቫልቭ አለ። ልጅቷ መሣሪያዋን ከማውጣቷ በፊት፣ የሙያው ሰዎች እንደሚያደርጉት፣ ግድግዳውን አነበበች። በዚያ ግድግዳ ላይ የአርባ ዓመት የቧንቧ ሠራተኞች ለሚቀጥለው ሰው መልእክት ትተዋል። ከሁሉም ጎላ ብሎ በወፍራም ማርከር የተጻፈው «ይህን አትክፈት፤ ወደ ኩሽና ይመለሳል፤ ር.ክ. 1987» ይላል። ይል ነበር።

ታምሲን ወደ እኔ መጥታ ነጭ ሳህን ለመነችኝና ከልብስ ማጠቢያው ቧንቧ ቀዳችበት። ውሃው አረንጓዴ መሰለ። ብዙ አይደለም፤ ግን አረንጓዴ ነበር። ተመልሳ ቫልቩን ዘጋችና ፈታኙን በጸጥታ ጠየቀቻቸው።

«አቶ ብራንድቮልድ፣ ግድግዳውን አንብበውታል?»

«እኔ የምፈትነው ግድግዳውን አይደለም፤ አንቺን ነው። ክፈቺውና ቀጥዪ።»

አልከፈተችም።

2. ነጥብ አሰጣጣችሁ ጥንቃቄ የተሞላበት ስለሆነ አመሰግናለሁ። ሰልጣኟ ፈተናውን አቋርጣ የአሥራ ስምንታችንንም በር አንኳኳች፤ እስኪመረመር ድረስ ውሃውን እንዳንጠጣም ነገረችን። በየበሩ ቦት ጫማዋን እያወለቀች ነበር የምትገባው፤ በዚህ አገር በበረዶ ወራት እናት ያሳደገችው ሰው ሌላ አያደርግምና። በውጤት ወረቀቷ ላይ ግን «በደንበኛ ፊት ያለ ደኅንነት ጫማ መገኘት» ተብሎ አራት ነጥብ ተቀንሶባታል። «ያለ ፈቃድ ደንበኛን ማነጋገር» ሃያ ነጥብ አስከፍሏታል። ፊት ለፊቴ የሚኖሩት የሰማንያ አንድ ዓመቷ ወይዘሮ ፔልቲዬ ሲኒያቸውን ይዘው ነበር በሩን የከፈቱላት።

«እማማ፣ ሻይውን ይድፉት» አለቻቸው።

«ስሚ ልጄ፣ ባሌ ሃምሳ ዓመት ሻዬን ሲያማ ኖረ እንጂ አንድም ቀን ድፊው ብሎኝ አያውቅም» አሉና ደፉት።

ይህኛው «ደንበኛን ማስደንገጥ» በሚል ተመዝግቧል። ወይዘሮ ፔልቲዬ ደንግጠው እንደሆነ የጠየቃቸው የለም።

3. አቶ ብራንድቮልድ በሥራቸው ስለማይለዋወጡ አመሰግናለሁ። ውሃው እንዳይመለስ በሚከለክለው ቫልቭ ላይ በሽቦ የታሰረ የምርመራ ካርድ ነበር፤ በየዓመቱ ተመርምሮ «በትክክል ይሠራል» ተብሎ ተፈርሞበታል። ስድስት ዓመት፣ ስድስት ፊርማ። ስድስቱም የአቶ ብራንድቮልድ ናቸው። ልጅቷ እውነቷን ከሆነ እርሳቸው ስድስት ጊዜ ተሳስተዋል ማለት ነው፤ እርሷን እንዲፈትኑ የተመረጡት ግን እርሳቸው ናቸው። አጋጣሚ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ከፈተናው በሦስተኛው ቀን ቫልቩ በአዲስ ተተካ፣ አሮጌው ከነካርዱ ተወሰደ፤ በትክክል የሚሠራ ዕቃ ለምን እንደሚለወጥ ግን ማንም አልነገረን። ምናልባት ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ኖሮ ይሆናል።

4. በመጨረሻም ስለ ቀለሙ። የሰልጣኟ ይግባኝ ለጽሕፈት ቤትዎ የደረሰው ዓርብ ፌብሯሪ 28 ነው። በሁለተኛው ገጽ ላይ ግድግዳው በማስረጃነት እንዲታይላት ጠይቃለች። ደብዳቤው ሁለት ቅጂ ብቻ ነበረው፤ አንዱ ቦርድዎ ዘንድ ነው፣ ሌላው በእርሷ እጅ። ቀጣሪዋ ጎርድ ፍሪዘን እንኳ አላየውም፤ እኔም ስለ ይግባኙ የሰማሁት ረቡዕ ምስክር እንድሆናት ስትጠይቀኝ ነው። ቅዳሜና እሑድ አለፉ፣ ሰኞም አለፈ፤ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቀለም ቀቢ መጣ። እኛ ተከራዮች ኮሪደራችን እንዲቀባልን መለመን ከጀመርን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ሰውየው ኮሪደሩን አልፎ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ ከቦይለሩ ክፍል አራት ግድግዳዎች አንዱን ብቻ ቀብቶ ሄደ። ቀቢውን የላኩት የሕንፃው ባለቤት የትኛው ግድግዳ እንደሆነ ከማን እንደሰሙ ልጠይቅ አልደፍርም። በተግባቦት ረገድ ግን ከቦርድዎ የበለጠ የተሳካለት እንደሌለ ሳልመሰክር ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

የቦርድዎን ቅንነት ገና ፈልጎ ያላገኘ፣ ፍለጋውንም ያላቆመ፣ ውሃውን ዛሬም በነጭ ሳህን እያየ የሚጠጣ ታዛዥዎ፣

ኖርማን ቴሪዮ
ሊንደን ኮርት፣ ቁጥር 4

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቀቢው የቀባው አንድ እጅ ብቻ ነው። ጎርድ ፍሪዘን እንዳስረዳኝ የቧንቧ ሠራተኛ ማርከር በርካሽ ቀለም ሥር ተኝቶ አይቀርም፣ ያውም ቦይለር አጠገብ። ዛሬ ጠዋት ልብስ ላጥብ ስወርድ «አትክፈት» የሚለው በግራጫው ውስጥ ቡናማ ሆኖ ብቅ ብሏል፤ ር.ክ.ም እየተከተለው ነው። ሁለተኛ እጅ ለማስቀባት ያሰበ ካለ ለመድረቂያው ሁለት ቀን ይተው፤ ቦርድዎ በታምሲን ኦሌስኪው ይግባኝ ላይ ውሳኔ የሚሰጠው ዓርብ ማርች 14 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው።