የእግሬ አውራ ጣት ጥፍር ነገር

የኔ ቆንጆ፣

ከሐኪም ቤት መጥቼ ወደ እህቴ ልጅ ሠርግ ልጨፍር እየሮጥኩ ነው።
የጆሮ ጌጥሽን ሳልጠይቅሽ ወስጃለሁ።

ሐኪሙ አንቺ የቀባሽልኝን የጥፍር ቀለም አስለቅቆ ሲያይ ሳቀብኝ። «እማማ፣ ይሄን ነው ደብቀው የከረሙት? ፈንገስ እኮ ነው!»

እኔ ደግሞ ኤችአይቪው መድኃኒቴን አሸንፎ በጥፍሬ ብቅ ያለ መስሎኝ! ደሜንም አይቶ፣ መድኃኒቱ ደህና እየሠራ ነው አለኝ።

ጥፍር መቁረጫዬን እንዳትነኪ፣ ፈንገስ ይጋባል።
ለብቻ ያስቀመጥሽውን ብርጭቆዬን ግን ከሌሎቹ ጋር መልሺው።
ሾርባ ድስቱ ውስጥ አለልሽ።

«አዲስ ጥፍር እስኪያወጡ ዓመት ሊፈጅ ይችላል» ብሎ አዘነልኝ። ዓመት! ልስመው ምንም አልቀረኝ። እኔ ሞኟ የዘንድሮን ብርድ በሕይወት አላየውም ብዬ ካፖርቴን ለጎረቤታችን ሰጥቻለሁ፤ እባክሽ ሄደሽ አስመልሺልኝ።