መርዙን እንድትጠጣ ስለተፈረደባት ደግ ንግሥት

ይድረስ ለተከበሩ የታሪካዊ ድራማችን አዘጋጅ፤

ጤናዎን እንዴት ሰነበቱ? ትናንት ከቀረጻ ያስቀረዎት የጉሮሮ ሕመምስ ተሻለዎት? እኔ፣ ሠላሳ ክፍል ሙሉ መጋረጃ ጨብጬ ያለቀስኩልዎ ደጓ ንግሥት፣ እንባዬ ከማለቁ በቀር ደህና ነኝ። እንዳላደክምዎ ቅሬታዬን በቁጥር አቅርቤያለሁ።

፩. ንግሥት ስላደረጉኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ይሁንና እስከ ዛሬ «ጌታዬ ሆይ» እና «ወየው ልጄን» ከማለት ያለፈ ነገር አልተናገርኩም። የንጉሡን ቅምጥ የምትጫወተው ግን ደብዳቤ ትሰርቃለች፣ ሹማምንቱን እርስ በርስ ታባላለች፣ ከዚያ ቁጭ ብላ ትስቃለች። እርሷም ባዳ አይደለችም፤ ለትወና ፈተና ስመጣ ቦርሳዬን እንድትይዝልኝ ያስከተልኳት የገዛ ታናሽ እህቴ ናት።

፪. ለእርሷ ወለል የሚጠርግ ቀይ የከፋይ ቀሚስ፣ ለእኔ ነጭ ቀሚስ። ደግ ሴት ሌላ ቀለም እንደማታውቅ ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የልብስ ክፍሏ ኃላፊ የእህቴን ጥልፍ ተንበርክካ ስታስተካክል፣ የእኔን «እንባሽ ያጥበዋል» ብላ ሳቀችብኝ።

፫. ቀንቻለሁ። በቀሚሱ አይደለም ልል ነበር፤ ውሸት ነው፣ በቀሚሱም ነው። መንገድ ላይ ሰዉ እህቴን እየረገመ አብሯት ፎቶ ይነሳል፣ እኔን «አይዞሽ» ብሎኝ ያልፋል። እናታችን እንኳ ባለፈው ቴሌቪዥኑን ዘግታ፣ «መርዙን አጠገብሽ ስትበጠብጥ ምነው አንዴ ቀና ብትይ? ዓይን የለሽም?» ብላ ተቆጣችኝ።

፬. ንግሥቲቱ አንዲት ብልሃት እንድታውቅ ሁለት ጊዜ ለመንኩዎት። «ብልጥ ከሆነች ደግነቷ ምኑ ላይ ነው?» አሉኝ። በመጨረሻው ክፍል መርዙን ጠጥቼ እንድሞት፣ ቀጣዩ ምዕራፍም የእህቴ ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። ስለ አሟሟቴ ማማር ስለተጨነቁልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ረጅም ዕድሜና ከእኔ የባሰች አልቃሽ እንዲያገኙ እየተመኘሁ፣ ከመጋረጃው ጀርባ እጅ የምነሳዎ፣

ታዛዥ ንግሥትዎ

ማስታወሻ፦ ትናንት አዳራሹን የምናስረክብበት ቀን ስለሆነ የመርዙ ትዕይንት አንዴ ብቻ ይቀረጽ ብለው ያዘዙት እርስዎ ነዎት። እህቴ ወደ ካሜራው ዞራ ያንን የተንኮል ሳቋን ስትስቅ፣ የእኔንና የእርሷን ጽዋ ቀያየርኩ። ጠጣች፤ አየችኝ፤ ገባት። ያለ እርስዎ ደግሞ «ቁረጡ» ብሎ ቀረጻውን የሚያስቆም ስለሌለ፣ ምርጫ አጥታ ወድቃ ሞተች፤ እውነት ለመናገር አሳምራ ነው የሞተችው። አዳራሹ ውስጥ የሠራነው የቤተ መንግሥት ግድግዳ ዛሬ ጠዋት ስለፈረሰ ድጋሚ መቅረጽ አይቻልም። መርዝ የተባለው ቀይ ጭማቂ ቢፈስበትም ቀይ ላይ ቀይ አይታይምና ከፋዩ ደህና ነው፤ በእኔ ልክ እንዲጠብ ለልብስ ክፍሏ ኃላፊ ነግሬያታለሁ።